«የባላገር ቁርስ» በደሴ፦ ስለ ምግቡም ስለ ቃሉም

ደሴ ላይ ቁርስ የት እንብላ ለምትሉኝ ይኸው። ሁለት ጊዜ የበላሁበትን ቤት ልንገራችሁ። ስሙን ግን አልጽፍም። ቅር ያለኝ ነገር አለ፣ እሱንም እናገራለሁ፣ ስለዚህ የቤቱን ስም ማንሳት አልፈልግም። የሰው እንጀራ እንዲዘጋ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ቤቱ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ውስጡ በሰሌን ተለብጧል። ግድግዳው ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል፣ አገልግል አለ፣ ቅል አለ፣ ያረጀ ስልቻ አለ። እንዲህ ያጌጡ ቤቶች አሁን በየከተማው ስላሉ ታውቁታላችሁ። ደሴ ጠዋት ይበርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም አንዳንድ ቀን እስከ 3 ሰዓት አይገፈፍም። በዚያ ብርድ ከመኪና ወርዳችሁ በሩን ስትገፉ የተነጠረ ቅቤና የተቆላ ገብስ ሽታ ይቀበላችኋል። ሌሊቱን በጉዞ ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ምናሌው ላይ ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈው «የባላገር ቁርስ» ነው። በአንድ ትሪ ይመጣል። በቅቤ የታሸ የገብስ ቂጣ አለው። በሶ አለው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ተለውሶ። ማር በትንሽ ሳህን፣ እርጎ በቅል፣ ሁለት የአበሻ እንቁላል። እኔ ስበላ 350 ብር ነበር። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለብቻችሁ ከሆናችሁ ግን ይተርፋችኋል። ረቡዕና ዓርብ ለጿሚ በሶውን በተልባ ይሠሩታል ተብያለሁ፣ እሱን አልቀመስኩም።

አስተናጋጁ ትሪውን ሲያስቀምጥ ኮራ ብሎ ነገረኝ። «ቅቤው የባላገር ነው። ማሩም የባላገር ነው፣ ከወግዲ ነው የሚመጣልን። እንቁላሉም የባላገር።» ቃሉን ሦስት ጊዜ አነሳው። ሦስቱንም ጊዜ ለማመስገን ነው ያነሳው። ይህን ያዙልኝ።

ቂጣውን እንደጀመርኩ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ባና ደርበዋል። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ በእጃቸው ዱላ፣ ትከሻቸው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ነገር። በሩ ላይ ቆም ብለው «እንደምን አደራችሁ» አሉ። ቤቱ ሞልቷል፣ መልስ የሰጠነው ግን ሁለት ወይ ሦስት ሰዎች ብንሆን ነው። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞረው «ልጄ፣ የሚቀመስ ምን አላችሁ? ዋጋውስ ስንት ነው?» አሉት።

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔም ጠይቄ ነው የተቀመጥኩት። ልጁ ለእኔ በደንብ ነበር የመለሰልኝ።

ለሳቸው ግን አልመለሰላቸውም። ዞር ብሎ ጓደኛውን «ባላገር ነው፣ እዚያ ጥግ አስቀምጠው» አለው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በወሎ ምድር፣ የማያውቁትን ትልቅ ሰው አንቱ ማለት ከእናት ጡት ጋር በሚጠባበት አገር፣ አያቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው «አስቀምጠው»። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት የቅቤው ክብር የነበረው ቃል ሰውየው ላይ ሲያርፍ ስድብ ሆነ። ቃሉ ያው ነው፣ ተናጋሪውም ያው ልጅ ነው።

ሽማግሌው ሰምተዋል። እኔ አፍሬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «አዎ ልጄ፣ የደላንታ ባላገር ነኝ» አሉት። ሰው ስሙን ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ነው የመለሱለት። ቁጣ የለበትም። ልጁ የሚለው ጠፍቶት ወደ ማዕድ ቤት ገባ።

«አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ትሪው ለሁለት ይበቃል» አልኳቸው። ትንሽ ተግደረደሩ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ፣ ከተሰቀለው ሞፈር ሥር አስደግፈው ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። በነገራችን ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ለዚህ ቤቱን አመሰግነዋለሁ፣ በደሴ ጠዋት ይህን የሚያስብ ቤት ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ምግቡ የምነግራችሁ የእኔ ምስክርነት ብቻ አይደለም፣ ይልቁንም የሳቸው ነው። ቂጣውን ቆርሰው አላመጡና «ይሄ ጥሩ ነው፣ የደጋ ገብስ ነው» አሉ። ማሩን በጣታቸው ጫፍ ነክተው አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስኳር አልነካውም።» እርጎውን ዝም ብለው ጠጡት፣ ቅሉን ባዶ አድርገው ሲያስቀምጡ ነው ጥሩ እንደነበር ያወቅኩት። በሶው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። «አሮባቸዋል» አሉኝ። ገብስ ሲቆላ ከምጣዱ አጠገብ መራቅ አይቻልም፣ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፣ ትንሽ ከተዘናጉ ጫፍ ጫፉ ይከስላል፣ ሲፈጭ ለዓይን አይታይም፣ ምላስ ላይ ግን መራራው ይቀራል። እንዲህ አስረዱኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ያ ምሬት የሚጥሚጣው መስሎኝ ነበር። ድጋሚ ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ቅቤው። «ልጄ፣ ከንፈርህን ዳብሰው» አሉኝ። ዳበስኩት። «ረግቷል?» አልረጋም። «በዚህ ብርድ ቅቤ ከንፈር ላይ ይረጋል። ይሄ ዘይት ገብቶበታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ይህን ያሉት፣ የቤቱ ሰዎች ሰምተው እንዳያፍሩ። እዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ ስለዚያ ትሪ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ገብሱን የሚዘሩት እሳቸው፣ የሚያጭዱት እሳቸው፣ ላሟን የሚያውቋት እሳቸው። ጥግ ላይ ይቀመጥ የተባሉትም እሳቸው።

እዚህ ላይ ምግቡን ትቼ ቃሉን ላንሳ። ብዙ ቀን ስብሰለሰልበት ነበር።

ባላገር ማለት ባለ አገር ነው። ሌላ ምንም የለውም። ባለቤት ቤት ያለው ነው፣ ባለሙያ ሙያ ያለው ነው፣ ባለመሬት መሬት ያለው። ባላገር እንግዲህ አገር ያለው ሰው ነው። አጠገቡ ባላባት የሚል ቃል አለ፣ እሱም ያው አሠራር ነው፣ ባለ አባት፣ አባቱ የሚታወቅ፣ በአባቱ በኩል ርስት የሚቆጠርለት። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ባላባት እስከ ዛሬ ከነክብሩ አለ። ባላገር ነው የወረደው።

ተቃራኒውን ደግሞ አስቡት። የባላገር ተቃራኒ በጥንቱ ንግግር ከተሜ አልነበረም። እንግዳ ነው። «ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ» ሲባል ሰምታችኋል። ያ ሰው መንገዱን የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣ ማን ዘንድ እንደሚያድር የማያውቅ ነው። ባላገር የዚያ ሰው ተቃራኒ ነው። ወንዙን ያውቃል፣ የወንዙን መሻገሪያ ያውቃል፣ የአያቱ መቃብር የት እንዳለ ያውቃል።

ታዲያ እንዴት ስድብ ሆነ? እኔ ነገሩ ከከተማ የመጣ ይመስለኛል። ከተማ ራሱ ጥንት የዛሬው ዓይነት ከተማ አልነበረም፤ ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ከነሠራዊቱ የሚከትምበት ቦታ ነው። የድንኳን ከተማ። ሰፈር የምንለውም ሠራዊት ከሰፈረበት የመጣ ቃል ነው። ስለዚህ በድሮው ዘመን በአንድ በኩል የከተማ ሰው አለ፣ እሱም በአብዛኛው ወታደርና የቤተ መንግሥት ሰው ነው። በሌላ በኩል ባላገር አለ። ወታደሩ ደሞዝ አልነበረውም። በባላገሩ ቤት ይመደብና ተሰሪ ይሆናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቅሎውን ያስቀልባል፣ ሲበቃው ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። ባላገሩ በገዛ ቤቱ አሳላፊ ይሆናል። ዓጼ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት ያስገቡት ይህ መከራ ስለበዛ ነው፤ ባላገሩ ከምርቱ አሥረኛውን እጅ ይስጥ፣ ወታደሩ በዚያ ይቀለብ፣ ቤት ለቤት መዞሩ ይቅር ተብሎ። መብላት የለመደ ሰው ግን ያበላውን ሲያከብር ብዙ ጊዜ አላየሁም። ጠመንጃ የያዘው የሚያርሰውን ናቀ። ቃሉ መጀመሪያ የተጎዳው በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ከተማው የዛሬው ዓይነት ከተማ ሆነ። ደሴን ተመልከቱ። ዓጼ ዮሐንስ የከተሙባት፣ ኋላ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ የሆነች። ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መኳንንቱ ሰፈሩ፣ ነጋዴው መጣ፣ ጣልያን በ1928 ገብቶ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ሠራ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ ተከታተለ። ባላገሩም ወደ ከተማ መምጣት ግዴታው ሆነ። ግብር ለመክፈል ይመጣል። የርስት ሙግት ይዞ ይመጣል። ማመልከቻውን የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። የትኛው በር እንደሚገባ አያውቅም፣ ለየትኛው ሹም እጅ እንደሚነሳ አያውቅም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል። በገዛ መንደሩ ሽማግሌ ሆኖ የሚያስታርቅ ሰው እዚህ የበር ጠባቂ ይገላምጠዋል። ባላገር የሚለው ቃል «የማያውቅ» የሚል ትርጉም ያገኘው እዚያ በር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አገር ያለው ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚያየው ፊት ነው ስድቡ።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ቁስል አለ። በ1965 እና በ1966፣ ከዚያም በ1977፣ ባላገሩ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ በሬውን ሸጦ ወይም ቀብሮ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ረሃብተኛው የተሰበሰበባትን ኮረምን የዓለም ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን አያት። አገር ያለው ሰው አገሩን ጥሎ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሜ ጆሮ ውስጥ ባላገር የሚለው ቃል የችግር ሽታ ተጨመረበት። ስለዚህ ነገር ሳወራ ድምፄ ስለሚሰበር ብዙ አልሄድበትም። ከዚያ ትውልድ የተረፈ ሽማግሌ «ባላገር ነው፣ ጥግ አስቀምጠው» ሲባል ግን መስማት አልችልም።

በመሃል የካቲት 25 ቀን 1967 አለ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ የታወጀበት ቀን። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑም ጋዜጣውም ገበሬውን «አርሶ አደር» ይለው ጀመር። አርሶ የሚያድር፣ ጥሩ ቃል ነው። ግን የክብሩ ስም ወረቀት ላይ ወጣና ባላገር የሚለው ለአፍ ብቻ ቀረ፣ ለመቀለጃ። የከተማ ልጆች ደግሞ የቃሉን ታናናሾች አመጡ፦ ፋራ፣ ሰገጤ፣ ገጠሬ። ዛሬ አንድ የደሴ ጎረምሳ ሌላውን ሲሰድብ ፋራ ነው የሚለው፣ ባላገር ያረጀ ስድብ ሆኗል፣ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ወይም ከገጠር በቅርብ ከመጣ ልጅ አፍ ነው የምትሰሙት። የነዚህ ሁሉ ተቃራኒ አራዳ ነው። አራዳ ግን የአዲስ አበባ የገበያ ሰፈር ስም ነበር። የአንድ ገበያ ስም ብልጥነት ሆነ፣ የአገር ባለቤትነት ሞኝነት ሆነ።

ቃል ይወጣል፣ ይወርዳል። ጨዋን ውሰዱ። በዓጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ የንጉሡ ጦር ነው፣ በየጠረፉ የሚሰፍር። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጨዋ ያልተማረ፣ ቅኔና ዜማ የማያውቅ ተራ ሰው ነው፤ የቆሎ ተማሪ «ጨዋ» ቢለው የሚቀየም ሰው ነበር። ዛሬ ልጃችሁን ጨዋ ቢሏችሁ ደስ ይላችኋል። ስለዚህ ባላገርም እንደወረደ ይቀራል ብዬ አላስብም። በቴሌቪዥን «ባላገሩ» ተብሎ ሲጠራ እየሰማን ነው፣ ምግብ ቤቶችም በኩራት እየጻፉት ነው። ምናሌው ላይ ከፍ ማለቱ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ቅቤው ከሰውየው ቀድሞ መከበር የለበትም። ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። የተወለድኩት አምባሰል ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ደሴ አክስቴ ዘንድ ትምህርት ቤት ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ እንደለመድኩት ሁሉንም «እንደምን አደራችሁ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ባላገር» ተባልኩ፣ ዓመቱን ሙሉ ስሜ እሱ ሆነ። ለእረፍት ስመለስ ለአያቴ እያለቀስኩ ነገርኳት። «ባላገር ብለው ሰደቡኝ» አልኳት። ግራ ገባት። «ታዲያ ምን አጠፉ? ባላገር አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። ሰደቡኝ የሚለው ነው ያልገባት። እሷ ዘንድ ስድብ ሌላ ነው። «ስድ» ሲሉህ ነው ስድብ፣ አለችኝ፣ እረኛ እንደሌለው ከብት የተለቀቀ፣ ስድ አደግ፣ ማንም ሂድ ማንም ና የማይለው። ማን እንዳሳደገህ አይታወቅም ማለት ነው። ባላገር ግን ማን እንዳሳደገህ ይታወቃል ማለት ነው።

ሽማግሌው ለልጁ የመለሱለት መልስ የአያቴ መልስ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ወንበር ላይ የደነገጥኩት።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ሽማግሌውን ከሸኘሁ በኋላ የቤቱን ባለቤት አስጠራሁ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው፣ ማዕድ ቤት ገብተው ራሳቸው ይሠራሉ። «እታለም፣ ቅር እንዳይልዎ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኳቸው። ስለ በሶው ነገርኳቸው፣ ስለ ቅቤው ነገርኳቸው፣ ስለ ልጁም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ስለ ቅቤው ዝም አሉ። ስለ በሶው «ቆይ አየዋለሁ» አሉ። ስለ ልጁ ስነግራቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የኔም አባት እኮ ባና ለባሽ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ «አብሽር ወንድማለም፣ እኔ እነግረዋለሁ» ብለው ገቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ምግቡ ናፍቆኝም ነው። በሶው ተሻሽሏል። ምሬቱ የለም፣ የተቆላ ገብስ ጣዕም ብቻ ነው፣ በሚጥሚጣው ሲነቃ ደግሞ ድንቅ ነው። ማሩ ያው ነው፣ ጥሩ። ቅቤው አሁንም አልረጋም። ከንፈሬን ዳበስኩት፣ ፈሳሽ ነው። የቅቤ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ግን «የባላገር ቅቤ» ተብሎ ከተጻፈ የባላገር ቅቤ መሆን አለበት፣ ካልተቻለ ጽሑፉ ይስተካከል። ቡናው በጀበና ነው፣ ጥሩ ይቆላል፣ ነገር ግን ከአንድ ስኒ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ወሎ ላይ አቦል ጠጥቶ ቶና ሳይጠብቁ መነሳት ይከብዳል። ጀበናውን ጠረጴዛ ላይ ቢተዉት ይበቃ ነበር።

ያ ልጅ መጣና አወቀኝ። ትሪውን አስቀምጦ ቆመ። «የዚያን ቀን...» አለና ተወው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ «እኔም እኮ የመካነ ሰላም ገጠር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ስቀጠር ስድስት ወር ሙሉ እንደዚያ ነበር የሚሉኝ» አለኝና መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ምን እንደምለው አላወቅኩም ነበር። ከበሶውም ከቅቤውም ይልቅ ስለዚህ ነው አብዝቼ ያሰብኩት። ትናንት የተሰደበበትን ቃል ዛሬ ሌላው ላይ ሲጥለው ከራሱ ላይ የሚወርድለት ይመስለዋል። እኔም ደሴ በሁለተኛው ዓመቴ አዲስ የመጣ ልጅ «ባላገር» ብያለሁ። የዋድላ ልጅ ነበር። ስሙን አስታውሳለሁ።

በዚያው ቀን ሁለት የገጠር ሰዎች ገብተው ነበር፣ ባልና ሚስት፣ ሴትዮዋ ታማ ሐኪም ቤት ሊሄዱ። ልጁ «ይግቡ እማማ፣ እሳቱ ጋ ይቀመጡ» ሲላቸው ሰማሁ። ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ቅሬታውን ጽፌ ይህን ብተወው ግፍ ነው።

ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። ትልቁም ትንሹም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ። ከቁርስ በኋላ ጊዜ ካላችሁ ሄዳችሁ እዩት። ስለ መስተንግዶ በዚያ ከተማ ከሱ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም፣ ስሙ ራሱ ነው ማስረጃው።

ለማንኛውም ሂዱ ነው የምለው። ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናቸው። እርጎው ከ3 ሰዓት በኋላ አይገኝም። በር ላይ ያለውን መቀመጫ ተዉት፣ ብርድ ነው፣ ምድጃው አጠገብ ያለውን ያዙ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃል። ቅቤውን ጠይቁ። ሰው ሲጠይቅ ነው የሚያስተካክሉት።

ሽማግሌው ያን ቀን ከመሄዳቸው በፊት ከረጢታቸውን ፈቱ። ምስር ነው። አንድ እፍኝ ሙሉ ዘግነው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ እምቢ ብል አልሰሙኝም። ስለ ደላንታ አወራን። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ኦፓል ወጥቶባታል፣ ዓለም የሚገዛው የከበረ ድንጋይ፣ ጎረምሶቹ ገደሉን እየቆፈሩ ያወጡታል፣ አንዳንዱም ይናድበታል። እሳቸው ግን ገብሱንና ምስሩን ነው የሚያወሩት። ቤታቸውን እንዴት እንደማገኘው ጠየቅኳቸው። ስልክ የላቸውም። «ወገል ጤና ውረድና ስሜን ጥራ» አሉኝ። «ያገኘኸው ሕፃን ልጅ እጅህን ይዞ ያደርስሃል።»

ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ና ብለውኛል። እሄዳለሁ። የዚያን በሶ ሌላ ጊዜ እጽፍላችኋለሁ።